የአዳራሽንና የድረ ገጽን በር ለአካል ጉዳተኞች ስለ መክፈት

በንግድ ሥራ ላይ ያለ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ መልካም ዕቃ በመደርደሪያ ላይ መገኘቱ ብቻ ሽያጭ አይባልም። ገዢው ወደ ሱቁ ለመድረስ፣ ገብቶም ዕቃውን ለመመርመር፣ ዋጋውን ለማወቅና ሒሳቡን ለመክፈል መቻል አለበት። ከነዚህ ከአራቱ አንዱ የጎደለ እንደ ሆነ፣ ዕቃው ምንም ቢያምር፣ ዋጋውም ምንም ቢረክስ ገበያው አልተፈጸመም። ይህም ለባለ ሱቅ ብቻ ሳይሆን ለቲያትር ቤት፣ ለሲኒማ ቤት፣ ለሙዚቃ አዳራሽና ለሥዕል ማሳያ ቤትም እንዲሁ ነው፤ እነርሱም የሚሸጡት ትርኢትንና መቀመጫን ነውና። ከቅርብ ዘመን ወዲህ ደግሞ ትኬቱም ሆነ ዕቃው በድረ ገጽ የሚሸጥ ስለ ሆነ፣ ድረ ገጹ ራሱ እንደ አንድ የሱቅ በር ሊቈጠር ይገባዋል።

ነገር ግን ይህ በር ለሰው ሁሉ እኩል የተከፈተ አይደለም። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው በሦስት ደረጃዎች ምክንያት ከአዳራሹ ደጅ ይመለሳል፤ ዓይነ ስውሩ በድረ ገጽ ላይ በሥዕል መልክ የተለጠፈውን የዋጋ ዝርዝር ሊያውቀው አይችልም፤ መስማት የተሳነው ሰውም በድምፅ ብቻ የተነገረውን ማስታወቂያ ሳያገኘው ይቀራል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ዘገባ፣ ጉልህ የአካል ጉዳት ያለባቸው ሰዎች 1.3 ቢሊዮን ያህል መሆናቸውን ገልጿል። ይህም ከዓለም ሕዝብ 16 ከመቶ፣ ማለት ከ6 ሰዎች አንዱ ነው።

ይህን ቍጥር በነጋዴ ዓይን ለሚመለከተው ሰው ነገሩ ከዚህም ይሰፋል። ሰው ወደ ቲያትር ቤት ወይም ወደ ገበያ ብቻውን የሚሄድበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከቤተሰቡና ከወዳጆቹ ጋር ይሄዳል። አምስት ሆነው ከወጡ ቤተ ሰዎች መካከል አንዲቱ አሮጊት ደረጃውን ለመውጣት ያልቻሉ እንደ ሆነ፣ አራቱ ገብተው እርሳቸውን በደጅ ትተው አይቀመጡም፤ አምስቱም ወደ ሌላ ስፍራ ይሄዳሉ። ስለዚህ በአንድ ሰው ላይ የተዘጋ በር ያስቀረው አምስት ትኬት ነው። ባለቤቱም ይህን ኪሳራ በሒሳብ መዝገቡ ላይ አያገኘውም፤ ያልገባ ደንበኛ ደረሰኝ አይቈረጥለትምና።

በሩን የሚዘጋውም አብዛኛውን ጊዜ ክፋት ወይም የገንዘብ እጥረት አይደለም፤ በጊዜው አለማሰብ ነው እንጂ። ከዚህ በታች የአዳራሹ በርና የድረ ገጹ በር በየተራ ይብራራሉ፤ ቀጥሎም ስለ ወጪው፣ ስለ ሕጉና ነጋዴው ዛሬውኑ ሊጀምረው ስለሚችለው ሥራ ይገለጣል።

የአዳራሹ በር

ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች የተመቹ እንዲሆኑ የሚያዝ የመጀመሪያው የአሜሪካ ብሔራዊ ደረጃ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1961 ነው። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ በብዙ አገር የተለመደው የተዳፋት መወጣጫ ወይም የራምፕ ልክ 1 ለ12 ነው፤ ይኸውም ለ1 ሳንቲ ሜትር ከፍታ 12 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ማለት ነው። በዚህ ስሌት በሩ ከመንገዱ በ15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ ሱቅ 1 ሜትር ከ80 የሆነ ራምፕ ሲያስፈልገው፣ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለው ግን 3 ሜትር ከ60 ያስፈልገዋል። ከዚህ አጥሮ ቀጥ ያለ ራምፕ ለስሙ ራምፕ ይባል እንጂ፣ በተሽከርካሪ ወንበር ያለውን ሰው ወደ ኋላ የሚያንሸራትት አደገኛ ነገር ነው። በሩም በተከፈተ ጊዜ ቢያንስ 81 ሳንቲ ሜትር ያህል ክፍት ስፋት እንዲኖረው ያስፈልጋል። ደፉ ከፍ ያለ፣ እጀታውም ክብ ሆኖ በጠንካራ መዳፍ ካልተጨበጠ የማይዞር ከሆነ፣ ራምፑ ቢሠራም ድካሙ ከደጁ ላይ ይቀራል።

ከበሩ ቀጥሎ የትኬት መስኮቱ ይመጣል። በተሽከርካሪ ወንበር የተቀመጠ ሰው ከሻጩ ጋር ፊት ለፊት ለመነጋገር እንዲችል፣ የአሜሪካ ደንብ ከባንኮኒው አንዱ ክፍል ከ91 ሳንቲ ሜትር ያህል እንዳይበልጥ ያዛል። ይህ ለባለ ሱቅም የሚጠቅም ልክ ነው። ባንኮኒው ከገዢው ራስ በላይ የሆነ እንደ ሆነ ገዢው ዕቃውን አያይም፣ የሚመለስለትንም ገንዘብ በሚገባ አይቈጥርም፤ ሻጩም ገዢ መምጣቱን ሳያስተውል ይቀራል።

በአዳራሹ ውስጥ ስለ መቀመጫ የተደነገገውም ሊታወቅ የሚገባው ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣው የአሜሪካ ደረጃ መሠረት ከ51 እስከ 150 መቀመጫ ያለው አዳራሽ 4፣ ከ151 እስከ 300 መቀመጫ ያለው 5፣ ከ301 እስከ 500 መቀመጫ ያለው ደግሞ 6 የተሽከርካሪ ወንበር ስፍራዎች ሊኖሩት ይገባል። በእያንዳንዱ ስፍራ አጠገብ ለአጃቢ የሚሆን አንድ መቀመጫ ይደረጋል። በዚህ ስፍራ የሚቀመጠው ሰው በዚያው ክፍል ከተቀመጡት ሌሎች ሰዎች የበለጠ ዋጋ አይጠየቅም። የዚህም ምክንያት ግልጽ ነው፤ ጉዳተኛው የሚፈልገው እንደ ሌላው ገዢ ዋጋውን ከፍሎ እንደ ሌላው ገዢ መስተናገድ ነው፤ ምጽዋትም ቅጣትም አይሻም።

ከገባና ከተቀመጠ በኋላ የሚቀረው ትርኢቱን መከታተል ነው። ለመስማት ለሚያስቸግራቸው ሰዎች በብዙ አዳራሾች የሚሠራበት ዘዴ በአዳራሹ ዙሪያ የሚዘረጋ ሽቦ ነው። ከመድረኩ የሚመጣው ድምፅ በማጉሊያው አልፎ በሽቦው ውስጥ ሲሄድ መግነጢሳዊ ኀይል ይፈጥራል፤ በጆሮ መስሚያ መሣሪያ ውስጥ የተጠቀለለችው ትንሽ ሽቦም ያን ኀይል ተቀብላ ወደ ድምፅ ትመልሰዋለች። በዚህም ሁኔታ ሰውየው የተዋናዩን ቃል ከአዳራሹ ጫጫታና ከወንበር መንቀጫቀጭ ለይቶ ይሰማዋል። ፈጽሞ ለማይሰሙት ግን የሚጠቅመው በማያ ገጽ ላይ የሚወጣ ጽሑፍ ወይም የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ነው። አስተርጓሚው ብርሃን ባለበትና ለመድረኩ በቀረበ ስፍራ መቆም አለበት፤ ተመልካቹ ተዋናዩንም አስተርጓሚውንም በአንድ ጊዜ ለማየት ካልቻለ ከሁለት አንዱ ያመልጠዋልና።

ለዓይነ ስውራን ደግሞ የድምፅ ገለጻ የሚባል ዘዴ አለ። ይህ ዘዴ በቲያትር ቤት በሰፊው መታወቅ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1981 በዋሽንግተን ከተማ በሚገኘው በአሬና ስቴጅ ቲያትር ነው። ሥራውን ያቋቋሙት ማርጋሬት ፋንስቲልና ኮዲ ፋንስቲል ናቸው፤ ማርጋሬት ራሳቸው ዓይነ ስውር ነበሩ። ገላጩ በተለየ ክፍል ተቀምጦ፣ ተዋንያኑ በንግግራቸው መካከል ዝም በሚሉበት ቅጽበት በመድረኩ ላይ የሚደረገውን በአጭር ቃል ይናገራል፤ ማን እንደ ገባ፣ ማን ደብዳቤውን እንደ ቀደደ፣ መብራቱ እንደ ደበዘዘ ያስረዳል። አድማጩም ይህን በጆሮው ባደረገው ትንሽ መስሚያ ይሰማል፤ አጠገቡ ያለውን ተመልካች ግን አያውክም። ለዚህ የሚያስፈልገው መሣሪያ የድምፅ ማስተላለፊያና ጥቂት መስሚያዎች ብቻ ሲሆን፣ ዋናው ወጪ ሥራውን በሚገባ የሠለጠነ ሰው ማዘጋጀት ነው።

የድረ ገጹ በር

ድረ ገጽ ደረጃም ደፍም የለውም፤ ሆኖም ከድንጋይ ደረጃ ይልቅ ገዢን የሚመልስበት ጊዜ አለ። ይህን ለመረዳት ዓይነ ስውር ሰው በኮምፒዩተርና በስልክ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ያሻል። ስክሪን ሪደር የሚባል ፕሮግራም በማያ ገጹ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ ያነብለታል፤ ወይም በጣት በሚዳሰስ የብሬል መሣሪያ ላይ ያወጣለታል። ፕሮግራሙ የሚያነበው ግን ጽሑፍን ነው። ሥዕል ከሆነና ከሥዕሉ ጋር የተያያዘ መግለጫ ጽሑፍ ከሌለ፣ «ሥዕል» ብሎ ብቻ ያልፈዋል፤ ወይም ትርጕም የሌለው የፋይል ስም ያነብለታል።

የዓለም አቀፉ የድር ጉባኤ ስለዚህ ጉዳይ የመጀመሪያውን መመሪያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። መመሪያው በ2008፣ በ2018 እና በ2023 እየታደሰ መጥቷል። ዋናው ሐሳቡ በአራት ቃል ሊጠቃለል ይችላል። ይኸውም በገጹ ላይ ያለው ነገር በዓይን ወይም በጆሮ ወይም በጣት ሊታወቅ የሚችል ይሁን፤ በማውስ ብቻ ሳይሆን በኪቦርድም የሚሠራ ይሁን፤ ቃሉና አሠራሩ የሚገባ ይሁን፤ በልዩ ልዩ መሣሪያም ሲከፈት የማይበላሽ ይሁን የሚል ነው። ለምሳሌ ያህል መደበኛ ጽሑፍ ከጀርባው ቀለም ጋር ያለው የብርሃን ልዩነት ቢያንስ 4.5 ለ1 እንዲሆን ይጠይቃል። በነጭ ላይ የተጻፈ ፈዛዛ ግራጫ ጽሑፍ ከዚህ በታች ሲሆን፣ ዓይኑ የደከመ ሽማግሌ ሊያነበው አይችልም። በፀሐይ ላይ ቆሞ ስልኩን የሚመለከት ጎልማሳም ቢሆን እንዲሁ ይቸገራል።

በአማርኛ የሚጻፉ ገጾች የራሳቸው የሆነ ችግር አለባቸው። ፊደላችን በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በተሠሩት የፊደል ፕሮግራሞች የተጻፈ ጽሑፍ ለዓይን አማርኛ ይምሰል እንጂ ኮምፒዩተሩ የሚያውቀው እንደ ሌላ ምልክት ነው፤ ስክሪን ሪደሩም ሊያነበው አይችልም። ሁለተኛው ችግር ደግሞ ዛሬ በየሱቁ የሚታይ ነው። ብዙ ባለ ሱቆች የዕቃቸውን ዓይነትና ዋጋ በሥዕል ላይ ጽፈው በቴሌግራም ይለጥፋሉ፤ ከሥሩም «ዋጋውን በውስጥ መስመር ይጠይቁ» የሚል ብቻ ይጽፋሉ። ዓይነ ስውሩ ገዢ ከዚህ ማስታወቂያ የሚያገኘው ዕውቀት የለም። ያው ዝርዝር ከሥዕሉ ሥር በጽሑፍ ቢጨመር ግን ወጪው የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። በዚያውም ላይ ጽሑፉ በመፈለጊያ የሚገኝ ስለ ሚሆን፣ ዕቃውን በስሙ የሚፈልግ ገዢ ሁሉ ያገኘዋል።

ስለ ወጪው የሚነሣ ክርክር

በዚህ ጉዳይ ላይ የሚሰማው ዋናው ተቃውሞ «ወጪው ብዙ ነው» የሚል ነው። ይህ ቃል እውነት የሚሆንበትና ሐሰት የሚሆንበት ጊዜ እንዳለ፣ በአውስትራሊያ የሲድኒ ኦሊምፒክ አዘጋጅ ድርጅት ላይ የደረሰው ነገር በሚገባ ያስረዳል።

ብሩስ ማጓየር የተባሉ ዓይነ ስውር ሰው እ.ኤ.አ. በ1999 ለአገሩ የሰብአዊ መብት ኮሚሲዮን አቤቱታ አቀረቡ። የአቤቱታቸውም ፍሬ ነገር የትኬት ማዘዣው መጽሐፍ በብሬል ባለመዘጋጀቱና የውድድሩ ድረ ገጽ ለስክሪን ሪደር ባለመመቸቱ፣ እንደ ሌላው ሰው ትኬት ለመምረጥና ውድድሩን ለመከታተል አለመቻላቸው ነበር። ሥዕሎቹ መግለጫ አልነበራቸውም፤ ወደ ውድድሩ ዝርዝር የሚወስደው መንገድም ለእርሳቸው የተዘጋ ነበር። አዘጋጁ ድርጅት በመልሱ ድረ ገጹን ለማስተካከል ከ2 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር በላይና የ368 ቀን ሥራ እንደሚያስፈልገው ተከራከረ። ለምስክርነት የቀረቡት ዐዋቂዎች ግን አንድ ልምድ ያለው ሠራተኛ ከጥቂት ረዳቶች ጋር ሆኖ ሥራውን በአራት ሳምንት ያህል ሊፈጽመው እንደሚችል አስረዱ። ኮሚሲዮኑ የድርጅቱን ክርክር ሳይቀበል እ.ኤ.አ. በነሐሴ ወር 2000 ፈረደ፤ ገጹም ውድድሩ እስከሚከፈትበት እስከ መስከረም 15 ቀን 2000 እንዲስተካከል አዘዘ። ትእዛዙ በሚገባ ባለመፈጸሙ፣ ድርጅቱ በኅዳር ወር 20,000 የአውስትራሊያ ዶላር ካሣ እንዲከፍል ተወሰነበት።

ከዚህ ነገር ነጋዴው የሚማረው የካሣውን መጠን አይደለም፤ 20,000 ዶላር ለእንዲህ ያለ ድርጅት ከባድ ገንዘብ አይደለምና። የሚማረው ነገር የጊዜን ዋጋ ነው። ገጹ ሲታዘዝ «ለእያንዳንዱ ሥዕል መግለጫ ይጻፍ» የሚል አንድ መስመር በውሉ ውስጥ ቢገባ ኖሮ፣ ሥራው ከዕለት ሥራ ጋር ያለቀ በሆነ ነበር። ሁሉም ነገር ከተሠራ በኋላ ግን ማስተካከሉ፣ ጠበቃው፣ ምስክሩና የስሙ መነሣት ሁሉ ወጪ ሆነ። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት እንዲህ ላለው ነገር ነው። ለሕንፃም ቢሆን እንዲሁ ነው፤ ራምፕ በፕላኑ ላይ ሲሣል ጥቂት ሲሚንቶና ጥቂት ስፍራ ነው፤ ሕንፃው ካለቀ በኋላ ግን ደረጃ ማፍረስ፣ በር መስበር፣ አንዳንድ ጊዜም ከጎረቤት ጋር ስለ መሬት መከራከር ይሆናል።

በሱቅ ንግድም እንዲህ ያለ ነገር ደርሷል። ታርጌት በተባለው ትልቅ የአሜሪካ የመደብር ኩባንያ ላይ እ.ኤ.አ. በ2006 የዓይነ ስውራን ብሔራዊ ፌዴሬሽን ክስ አቀረበ። ምክንያቱም ዓይነ ስውራን ያለ ሌላ ሰው ርዳታ ከኩባንያው ድረ ገጽ ለመግዛት አለመቻላቸው ነበር። ነገሩ እ.ኤ.አ. በ2008 በስምምነት ሲያልቅ፣ ኩባንያው ገጹን ለማስተካከልና ለካሣ የሚሆን 6 ሚሊዮን ዶላር ለመመደብ ተስማማ። ልብ ሊባል የሚገባው፣ ከሳሾቹ የጠየቁት ከዚያ ኩባንያ ዕቃ መግዛትን መሆኑ ነው። ገንዘባቸውን ይዘው በደጅ የቆሙ ገዢዎች ነበሩ።

ሕጉ የሚለው

ስለዚህ ጉዳይ የሚናገሩት ሕጎች ከአገር ወደ አገር ይለያያሉ፤ ላኪና አስመጪ ግን የሚነግድበትን አገር ሕግ ማወቅ ግዴታው ነው።

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የአካል ጉዳተኞች ሕግ ሱቆችን፣ ምግብ ቤቶችን፣ ቲያትር ቤቶችንና ሲኒማ ቤቶችን ያጠቃልላል። በነባር ሕንፃ ውስጥ የሚሠራ ነጋዴ ያለ ብዙ ችግርና ወጪ ሊወገድ የሚችለውን መሰናክል እንዲያስወግድ ያዛል። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ሱቅና ምግብ ቤት የከፈቱ ኢትዮጵያውያንም በዚህ ሕግ ሥር ናቸው። እነዚህ ነጋዴዎች ሊያውቁት የሚገባ ሌላ ነገር ደግሞ አለ። በዚያው በ1990 የወጣ የግብር ድንጋጌ፣ ገቢያቸው በዓመት ከ1 ሚሊዮን ዶላር ለማይበልጥ ወይም ከ30 የበለጡ የሙሉ ጊዜ ሠራተኞች ለሌሏቸው ንግድ ቤቶች፣ ለዚሁ ሥራ ካወጡት ወጪ ከ250 ዶላር በላይ ያለውን እስከ 10,250 ዶላር ድረስ በግማሽ ከግብራቸው እንዲቀንሱ ፈቅዷል። ይህም በዓመት እስከ 5,000 ዶላር ሊደርስ ይችላል።

ለኢትዮጵያ ላኪዎች ይበልጥ አዲስ የሆነው የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ይህ መመሪያ ከሰኔ 28 ቀን 2025 ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል። ለአውሮፓ ሸማቾች የሚቀርቡ ኮምፒዩተሮች፣ ስልኮች፣ የገንዘብና የትኬት መክፈያ ማሽኖች፣ የኤሌክትሮኒክ መጻሕፍት፣ የባንክ አገልግሎትና በድረ ገጽ የሚደረግ ሽያጭ ለአካል ጉዳተኞች የተመቹ እንዲሆኑ ይጠይቃል። ቡናውን በጆንያ ለጅምላ ገዢ የሚልክ ነጋዴን ይህ ሕግ በቀጥታ አይነካውም። ነገር ግን ቆልቶና አሽጎ፣ ወይም የቆዳ ቦርሳና የሸማ ሥራ በራሱ ድረ ገጽ ለአውሮፓ ሸማች በቀጥታ የሚሸጥ ሰው ነገሩን ሊመረምረው ይገባል፤ ሕጉ የሚመለከተው ገዢው ያለበትን ገበያ እንጂ ሻጩ የተቀመጠበትን አገር አይደለምና። ሠራተኞቻቸው ከ10 ያነሱና የዓመት ሽያጫቸው ወይም ጠቅላላ ሀብታቸው ከ2 ሚሊዮን ዩሮ የማይበልጥ ትንንሽ ድርጅቶች አገልግሎትን በሚመለከተው ክፍል ነጻ ተደርገዋል። ቢሆንም ዛሬ ትንሽ የሆነ ድርጅት ነገ እንዲያድግ የሚፈልግ ሁሉ፣ ገጹን አሁን ሲያሠራ በሚገባ ቢያሠራው ይሻለዋል።

በኢትዮጵያም ሕግ አልጠፋም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄዱና እየተራመዱ ደረጃ ለመውጣት ለማይችሉ ሰዎች የሚያመች መግቢያ እንዲኖራቸው፣ መጸዳጃ ቤትም በበቂ ቍጥር እንዲዘጋጅላቸው ደንግጎ ነበር። አገሪቱም የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2010 አጽድቃለች። መጻሕፍት ለሚያስመጡና ለሚሸጡ ነጋዴዎች ደግሞ የማራካሽ ስምምነት አለ። ይህ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2013 ተፈርሞ በ2016 የጸና ሲሆን፣ ኢትዮጵያ በ2020 ገብታበታለች። በስምምነቱ መሠረት የታወቁ ድርጅቶች ለዓይነ ስውራን የሚሆኑ የብሬልና የድምፅ ቅጂዎችን ባለ መብቱን ሳያስፈቅዱ ለማዘጋጀትና ከአገር ወደ አገር ለማስተላለፍ ይችላሉ።

ነጋዴው ሊጀምረው የሚችለው ሥራ

ብዙ ገንዘብ ሳያወጣ ሥራውን ለመጀመር የሚፈልግ ባለ ሱቅ ወይም ባለ አዳራሽ የሚከተሉትን ነጥቦች በተራ ሊፈጽም ይችላል።

1ኛ/ ከመንገዱ ጀምሮ እስከ ገንዘብ መቀበያው ድረስ ያለውን መንገድ በሜትር ይለካ። ደረጃው ስንት ነው? በሩ ምን ያህል ይሰፋል? በመደርደሪያዎቹ መካከል ያለው መተላለፊያ 91 ሳንቲ ሜትር ያህል ነውን? ወይስ በካርቶንና በሳጥን ተዘግቷል? ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው መድኀኒት ሳጥኑን ማንሣት ብቻ ሆኖ ይገኛል።

2ኛ/ ድረ ገጹን ማውስ ሳይነካ በኪቦርድ ብቻ ከፍቶ አንድ ዕቃ ወይም አንድ ትኬት ለመግዛት ይሞክር። በመካከል ከተያዘ፣ ገዢውም እዚያው ላይ ይያዛል ማለት ነው።

3ኛ/ በሚለጥፈው ሥዕል ሁሉ ሥር የዕቃውን ስም፣ መጠን፣ ቀለምና ዋጋ በጽሑፍ ያስፍር። በሚያወጣው ፊልም ላይም የሚነገረውን ቃል ከሥሩ በጽሑፍ ያውጣ።

4ኛ/ በማስታወቂያው ላይ በሕንፃው ያለውንና የሌለውን በእውነት ይግለጽ። «መግቢያው ሁለት ደረጃ አለው፤ በጎን በኩል ራምፕ አለ» የሚል አንድ መስመር ገዢውን ከከንቱ ድካም ያድነዋል። ከስልክ ቍጥሩም ጋር መልእክት በጽሑፍ መላክ እንደሚቻል ያመልክት፤ መስማት የተሳነው ሰው ስልክ ደውሎ አይነጋገርምና።

5ኛ/ ሠራተኞቹን ያስተምር። ጉዳተኛው ሲመጣ ቃሉ ለአጃቢው ሳይሆን ለራሱ ለገዢው ይነገር፤ ተሽከርካሪ ወንበሩም ባለቤቱን ሳያስፈቅዱ አይገፋ፤ ዓይነ ስውሩም ሳይጠየቅ በክንዱ አይጎተት።

6ኛ/ አዲስ ሕንፃ ሲያሠራ ወይም አዲስ ድረ ገጽ ሲያዝ ይህን ሁሉ በውሉ ውስጥ ያስገባ። ሥራውንም ከመረከቡ በፊት በአካል ጉዳተኞች ያስመርምር፤ ለድካማቸውም እንደ ማንኛውም ባለሙያ ዋጋቸውን ይክፈል።

ለአስመጪዎችም በዚህ በኩል የሚታይ ገበያ አለ። ተሽከርካሪ ወንበር፣ የጆሮ መስሚያ፣ የአዳራሽ ድምፅ ማስተላለፊያ፣ የብሬል ወረቀትና ተነቃይ ራምፕ ሁሉ የንግድ ዕቃዎች ናቸው። ሆኖም እነዚህን የሚያስመጣ ነጋዴ ከዋጋው ይልቅ የመለዋወጫውን ነገር አስቀድሞ ቢያስብ ይበጀዋል። ጎማው በአገር ውስጥ ካለው የብስክሌት ጎማ ጋር የማይገጥም ተሽከርካሪ ወንበር፣ በኮረኮንች መንገድ ላይ ጥቂት ወራት ከሄደ በኋላ በቤት ጥግ ተጥሎ ይቀራል፤ የነጋዴውም ስም አብሮት ይጣላል።

በመጨረሻም አንድ ነገር ሊታሰብ ይገባል። ለጉዳተኞች ተብሎ የተሠራ ነገር ሌላውን ሁሉ ሲጠቅም መኖሩ የታወቀ ነው። በአሜሪካ በበርክሌይ ከተማ በ1970ዎቹ መጀመሪያ የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ለተሽከርካሪ ወንበር ተብሎ ዝቅ በተደረገ ጊዜ፣ በዚያ መንገድ የተጠቀሙት በወንበር የሚሄዱት ብቻ አልነበሩም። ልጇን በጋሪ የምትገፋ እናት፣ ሻንጣውን የሚጎትት መንገደኛ፣ ዕቃ የሚያደርስ ባለ ጋሪ ሁሉ በዚያ ማለፍ ጀመሩ። በሱቁ ደጅ ራምፕ ያሠራ ነጋዴም ከሁሉ አስቀድሞ የሚያየው ይህንኑ ነው፤ ጆንያውና ሳጥኑ ያለ ተሸካሚ በጋሪ ይገባለታል፣ ሽማግሌው ደንበኛ ያለ ድጋፍ ይገባለታል፣ በደጅ ይመለስ የነበረውም አዲስ ገዢ ገንዘቡን ይዞ ይገባለታል።

እርጅናም ለማንም የማይቀር ስለ ሆነ፣ ዛሬ ለሌላው የሚሠራው ደረጃ የሌለው በር ነገ ለባለቤቱ ለራሱ የሚያስፈልግ በር ነው። ስለዚህ አስመጪው፣ ላኪው፣ ባለ ሱቁና ባለ አዳራሹ ሁሉ ይህን ጉዳይ እንደ ምጽዋት ሳይሆን እንደ አንድ የንግድ ሥራ ክፍል ቈጥረው፣ በሚመጣው የበጀት ዓመት ከሚያቅዷቸው ሥራዎች መካከል ሊያስገቡት ይገባል።